ባዶ ነበር ያሉት ተራራ

ቨርና ፔድሬቲ የከተማችንን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለሠላሳ አንድ ዓመት ነድታለች። አባቷ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ የብር ማዕድን ቆፋሪ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እሱንና አሥራ አንድ ባልደረቦቹን እዚያው የበረዶ ናዳ ቀበራቸው። የአምስቱ አስከሬን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የማዕድን ማውጫው ሲዘጋ አንድ ኩባንያ መጣና ተራራውን የበረዶ መንሸራተቻ አደረገው። የቤት ኪራይ ሰማይ ነካ፤ ጎረቤቶቻችን አንድ በአንድ ወደ ቆላው ወረዱ። ቨርና ግን ንቅንቅ አላለችም።

ኩባንያው ሃምሳኛ ዓመቱን ሲያከብር የከተማዋን ታሪክ የሚናገር ሰሌዳ አቆመና ሪባኑን እንድትቆርጥ ጋበዛት። መቀሱን ይዛ ቀረብ ብላ አነበበች። «እኛ ከመምጣታችን በፊት እዚህ የነበረው ባዶ ተራራ ብቻ ነው» ይላል።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «ስማ ልጄ፣ ባዶ ከነበረ እኔን ማን ወለደኝ? በረዶው?»

«ወይዘሮ ፔድሬቲ፣ ለማስታወቂያ እንዲመች ብለን ነው እኮ። አይክፋዎት።»

«በሰው ሬሳ ላይ እየተንሸራተታችሁ አይክፋዎት ትለኛለህ? ትንሽ አታፍርም?»

መቀሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ሰውየው ሕዝብ እያየው የሪባኑን ቋጠሮ በጣቱ ለመፍታት ሲታገል ቆየ።

ሰሌዳው ዛሬም እዚያው ቆሟል። ቨርናም ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራው ላይ ለመውጣት በተሰለፉት እንግዶች ፊት ትቆምና፣ ከአባቷ ጀምራ የአሥራ ሁለቱን ስም ጮክ ብላ ትጠራለች። ጥበቃዎቹ ሁለት ጊዜ ክንዷን ይዘው ጎትተው አስወጥተዋታል፤ የሰማንያ ዓመት ሴት! ሁለቱንም ጊዜ በሳምንቱ ተመልሳ መጥታለች።