ደቻቱ ውስጥ አትሩጥ

ፖሊሶች የያዙኝ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከሥራ ወጥቼ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሜ። ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው። «‹ሠራተኛው ማኅበር ያስፈልገዋል› ብለሃል» አሉኝ። ብያለሁ። ግን ያን ቀን የሰሙኝ ሁሉ ወዳጆቼ ነበሩ፤ ታዲያ ማን ነገራቸው? እስር ቤት የገባሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ከቀትር በኋላ ግድግዳዋ እጅ አያስነካም። ሰሌን ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል፤ የመጋላ ሰፈር ሱማሌ፣ ጨርቅ ነጋዴ። የለበሰው ሽርጥ ንጹሕ ነው። እስረኛ ሆኖ ሽርጡን ማን አጠበለት? ወሬ ሊያወጣጣኝ የተቀመጠ ሰላይ ነው ብዬ ወዲያው ጠረጠርኩት።

«በምን ገባህ?» አለኝ።

«አንተስ?»

«አቦ! ቀድሜ የጠየቅኩ እኔ ነኝ።»

ራቅ ብዬ ጥግ ያዝኩ። ከዚያ ወዲያ አንዳችን ስንገላበጥ ሌላችን እንነቃ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ሁለታችንን ደቻቱ ወንዝ ወስደው አሸዋ ያስቆፍሩናል። ወንዙ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ዳሩ ላይ ፖሊሶች ጠመንጃ ይዘው ይጠብቁናል። ከእኛ በፊት አንድ እስረኛ እዚያው «ሊያመልጥ ሲሮጥ» ተገደለ ይባላል። ሟቹ አንካሳ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔ ከጠመንጃዎቹና ከነጋዴው አይነቀልም ነበር። ኋላ ግን ታከተኝ፤ ሰውን መጠርጠር ከአካፋ ይልቅ ያደክማል። አንድ ጠዋት አካፋዬን ተደግፌ ዝም ብዬ አየሁ። ወዲያ ተራራው፣ ዳር ላይ ትልቁ የሮቃ ዛፍ፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ የአሸዋው ቅዝቃዜ። ከዚያ ወዲህ ወፎቹ መቼ እንደሚንጫጩ፣ ፍየሎቹ በየት ወርደው ጥላው ሥር እንደሚተኙ እለይ ጀመር። «ማን ነገራቸው?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም፤ እዚያ ስሆን ግን አይጮኽብኝም። ተወልጄ ያደግኩበትን አገር ያየሁት ታስሬ ነው፤ አይገርምም?

አንድ ቀን ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ በሐረር በኩል ያለው ተራራ ግን ጠቁሯል። ሮቃው ላይ ያሉት ወፎች ድንገት ዝም አሉ። ፍየሎቹ ጥላቸውን ትተው ሽቅብ ወጡ። ደቻቱ እንዲህ ነው፤ ዝናቡ ተራራ ላይ ይዘንባል፣ ጎርፉ ፀሐይ የሚሞቀውን ሰው ይወስዳል። ነጋዴው መሀል ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቆፍራል። ፖሊሶቹ ወሬ ይዘዋል።

ጠጋ ብዬ «ጎርፍ ሊመጣ ነው፤ እንውጣ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ልሩጥልህና በጥይት ይድፉኝ? እኔ ክፍል ያስገቡህ ለዚህ ነው?»

ክው አልኩ። ለካ እሱም እኔን ሰላይ ብሎ ነው የከረመው! ደሜ ፈላ። ሰላዩስ እሱ፤ ጎርፍ ይውሰደው ብዬ ዞር አልኩ። ይኼኔ ከላይ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማኝ። ትቼው ልሄድ ስል እግሬ እንቢ አለ።

«እንግዲያው አትሩጥ» አልኩት። «እኔ ከፊት፣ አንተ ከኋላዬ። ከተኮሱ የሚያገኙት እኔን ነው።»

«ወላሂ በል።»

«እናቴ ትሙት!»

አካፋዬን ጣልኩ፣ እጄን አነሳሁ፤ ቀስ ብለን ወደ ጠመንጃው ሄድን።

«ቁም!» አለ አንዱ ፖሊስ ደግኖ።

«ጎርፍ ነው ወንድሜ፤ እስቲ ስማ» አልኩት። አልቆምኩም፣ አልሮጥኩምም። ፖሊሱ ጆሮውን ወደ ላይ ሰጠ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። «ውጡ! ቶሎ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። ዳሩን እንደረገጥን ውሃው ግንድ እያንከባለለ መጣና ጉድጓዱን ዋጠው።

ክፍላችን ስንመለስ ነጋዴው ጠጋ ብሎ ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀልኝ። በምን እንደገባ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ብዙም ሳይቆይ ፈቱኝ፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

አሁን አርጅቻለሁ። ማለዳ ደቻቱ ዳር እቀመጣለሁ። ልጄ «አባባ፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ምን ታያለህ?» ትለኛለች። ወፍ አያለሁ፣ ተራራ አያለሁ። ማን እንዳሳሰረኝ ዛሬም አላውቅም። ያ ሰው ሰላይ ይሁን አይሁን፣ እሱንም እንጃ። ሰላይ ከነበረም ግን፣ ደግሜ ከፊቱ እሄድለታለሁ።