በዛሪማ ቧንቧ ላይ ያሰርሁት መለኪያ

ሐሙስ ማለዳ ጥራጥሬ በጫነች ማኪና ከጎንደር አራዳ ተነሣሁ። የምሄደው ዛሪማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው። ቁስል የሚያክመውና መርፌ የሚወጋው የጣቢያው ድሬሰር ሞላ፣ «በላምባ የሚሠራው ማቀዝቀዣ አልበርድ አለ። ይበልጥ እንዲበርድ እሳቱን ብጨምርም የሙቀት መለኪያው ከስምንት አይወርድም» ብሎ ጽፎልን ነበር። ማቀዝቀዣውን አምና ጎንደር ላይ ፈትሼ የላክሁት እኔ ነኝ። የሚቀመጥበት የእብድ ውሻ መድኃኒት ነው፤ ሙቀትም ያበላሸዋል፣ በረዶ ከሆነም ኃይሉ ይጠፋል። እኔ ቸኩያለሁ፤ ሾፌሩ ግን በየከተማው ዘመድ አለው።

ደባርቅ በስሙኒ ሽሮ በላን። ከዚያ የሊማሊሞ ቁልቁለት ጀመረ። ሾፌሩ ጨዋታውን አቆመ፤ እኔም ወደ ገደሉ ማየቱን ተውሁ። በየጥምዝምዙ አየሩ እየሞቀ ሄደ። መጀመሪያ ካፖርቴን፣ ቀጥሎ ኮቴን አወለቅሁ፤ ዛሪማ ስንገባ በሸሚዝ ብቻ ቀርቼ ነበር።

ዛሪማ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ሞላ የቤተ ክህነት ልጅ ነው። መለኪያውን በነግህ፣ በሠለስት፣ በቀትርና በሠርክ፣ እንደ ጸሎት ሰዓት ሳያጓድል እያነበበ በደብተር ጽፎታል። በሩ አጠገብ አያ ታፈረ የሚባሉ የደጋ ገበሬ የሱፍ ባናቸውን ጭናቸው ላይ አጥፈው ተቀምጠዋል። እብድ ውሻ ባታቸውን ነክሷቸው፣ ከአሥራ አራቱ መርፌ ስድስቱን ወስደዋል። ሰባተኛው የዚያን ዕለት ነበር።

መለኪያው በሩን ሳይከፍቱ እንዲነበብ ከኋላ በኩል፣ ከሣጥኑ በሚወጣው ቧንቧ ላይ በገመድ ታስሯል። ያሰርሁት እኔ ነኝ። ቧንቧውን ስነካው ቅዝቃዜው እጄን አቃጠለኝ፤ በረዶ ለብሷል። መለኪያው ግን ስምንት ይላል።

አያ ታፈረን ከባናቸው ጫፍ ቁራጭ ለመንኋቸው። መለኪያውን ከነቧንቧው ጠቅልዬ ጠበቅሁ። ከዜሮ በታች ወረደ። አንድ ጎኑ ቧንቧውን፣ ሌላው ጎኑ የዛሪማን ሙቀት ሲነካ ኖሮ የሁለቱን መሐል ነበር የሚናገረው። ብርዳሙ ጎንደር ላይ ስፈትነው ልዩነቱ ትንሽ ስለነበር ሳልሸፍነው ላክሁት።

በሩን ከፈትሁ። ጠርሙሶቹ በረዶ ሆነዋል።

«ይህን አላየህም?» አልሁት።

«አየሁ እንጂ። በመዳፌ እያሟሟሁ ነው የምወጋቸው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍህልኝም?»

«እርስዎ አይደሉም ‹እጅህ ይዋሻል፣ ቁጥሩን እመን› ያሉኝ? እጄማ በረዶ ነው ይለኝ ነበር» አለ።

ብዬዋለሁ። ያን ጊዜ እንደ ጥበብ ቆጥሬው ነበር። አፈርሁ፤ አያ ታፈረን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ።

«አያ ታፈረ፣ የተወጉት መድኃኒት ኃይል የለውም። ጥፋቱ የሞላ አይደለም፣ የኔ ነው።»

የተቆረጠውን የባናቸውን ጫፍ ዳሰሱ። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አሉ። «አሁን ምን ይሻላል?»

«ጎንደር ደኅና መድኃኒት አለ። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።»

«ሸጋ። ታዲያ ምነው ቁጭ አልን?»

ጎንደር

በማግስቱ ማለዳ ሽቅብ የምትወጣ ማኪና አግኝተን ከአያ ታፈረ ጋር፣ የሞላን ደብተር ይዘን ተመለስን። የሆስፒታሉ ሐኪም ደብተሩን አገላብጦ፣ «ስድስት መርፌ ባክኗል» አለና የመጀመሪያውን መርፌ ወጋቸው። እኔም ለአለቃዬ ማሽኑ ደኅና መሆኑን፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ጻፍሁ። መለኪያ የሚናገረው የነካውን ብቻ እንደሆነ ከዚህ ጉዞ ተማርሁ፤ የትምህርቱን ዋጋ ግን የምከፍለው በሰው ሕይወት ሊሆን ነበር።

በሽታው ሲነሣ ውሃ ያስፈራል። ስለዚህ በየማለዳው ጣሳ ውሃ ይዤ አያ ታፈረ ካረፉበት እሄድ ነበር። ለምን እንደምመጣ አንድ ቀንም አልነገርኋቸው። አሥራ አራተኛው መርፌ ባለቀ ማግስት ጣሳውን ተቀብለው ትክ ብለው አዩኝ።

«ዛሬም ልትፈትነኝ ነው?»

«አዎን» አልሁ።

ግማሹን ቀስ ብለው ጠጡና ጣሳውን መልሰው ሰጡኝ። «በል እንግዲህ አንተም ጠጣ» አሉኝ፤ «ከንፈርህ ደርቋል።»