ያልተቆረጠው ሱሪ

እናቴ ቧንቧው ሳይቆም በርሜሉን የምትሞላ፣ ነጭ ጋዝ ሳይጠፋ ጀሪካኑን የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። ናዝሬት ውስጥ እንደ እሷ አርቆ አሳቢ አላየሁም። እኔም እሷ እስካለች ምንም አይነካንም ብዬ አምን ነበር። ዛሬ በቤቴ ውሃ አጠራቅማለሁ፤ እፎይ ብዬ ግን አላውቅም።

የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ሲጀመር ታላቅ ወንድሜ ዕድሜው ደርሶ ነበር። በአፈሳ ወረቀት የሚጠይቅ የለም፤ ቁመናና አለባበስ አይተው ነው የሚጭኑት። እናቴ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ሱሪዎቹን ከጉልበት በላይ ቆረጠችለት፤ ጢሙንም በየጠዋቱ እንዲላጭ አዘዘችው። ሰፈሩ ሳቀ። ወንድሜ በሴቶች ፊት ማለፍ አቃተው። ብዙም ሳይቆይ የሳቁት እናቶች ራሳቸው መቀስ ሊዋሱ መጡ።

አንዱን ሱሪ ብቻ ሳትቆርጥ ቀረች። ለፋሲካ የተገዛ ግራጫ ቴትረን ነበር፤ ጨርቁ አሳሳት። እግሩን አጥፋ ሰፍታ ለታናሽ ወንድሜ ሰጠችው። እሱ ገና ልጅ ነው፣ ማን ያየዋል አለች። ልጅ ነበር፣ ትከሻው ግን ሰፊ ነበር፤ ያን ሱሪ ሲለብስ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ሽንኩርት ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለጋሪ መጥቶ ከነሽንኩርቱ እንደጫኑት ነገረን። ተይዘው የመጡትን ሁሉ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ዘግተውባቸው ነበር። እናቴ በሩ ላይ ተንበርክካ ዕድሜውን ብትናገር፣ ጠባቂው እናት ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው ብሎ መለሳት።

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ማንንም ሳያማክር ጠባቂው ፊት ቆመ።

«ታላቁ እኔ ነኝ። እሱን ልቀቁትና እኔን ውሰዱኝ።»

ጠባቂው ከላይ እስከ ታች አየው፤ ዓይኑ ባዶ ጉልበቱ ላይ ቀረ። በቁጣ እንኳ አልተናገረውም።

«ማሙሽ፣ እናትህን ይዘህ ቤት ግባ።»

እናቴ ይህን ስትሰማ ያየሁት ፊቷ እስከ ዛሬ ያመኛል። ወንድሜ ሮጦ ለብሶ የሚመለስበት ረጅም ሱሪ ቤት ውስጥ አልነበረም። ያለን አንድ ነበር፤ እሱንም አዳራሹ ውስጥ ያለው ለብሶታል። በማግስቱ እንደለበሰው ወሰዱት፤ አልተመለሰም።