መሃሏ ስንኝ

ሰፈሩ «መርፌ» የሚላት ስለ ቅጥነቷ ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ይወጋል። ሱሪዬን አስፊልኝ ብሎ ለሚመጣ ሁሉ «ሱሪው ምን አጠፋ? ሆድህን አትቀንስም?» ሳትል ሜትሯን አታነሳም። ደንበኛ ግን አጥታ አታውቅም። እጇ የተባረከ ነው።

ይቺ ምላሰኛ ታዲያ አንዲት ነገር መናገር አቅቷት ስድስት ዓመት ኖራለች። እናቷ በመጨረሻው ሰሞን አልጋ ላይ ሆና የስፌት መኪናዋን በጣቷ እያሳየች «ይሄ ለእህትሽ ነው» ብላት ነበር። ታላቅ እህቷ ያኔ ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ለቀብር መጥታ «እማዬ ለእኔ ምንም አላለችም?» ብላ ስትጠይቅ፣ መርፌ መኪናውን አየችና «ምንም» አለች። ያስታመምኩ እኔ፣ ያጠብኩ እኔ ብላ ነው እንግዲህ። ምነው አፏን በቆረጠው! እህትየው «እናትነቷ ላንቺ ብቻ ነበር ማለት ነው» ብላ ወጣች። ኋላ ባሏን ተከትላ እዚሁ ስትመጣ እንኳ የታናሿን ደጅ አልረገጠችም።

አሁን ደግሞ ባልየው ሌላ ቦታ ተዛወረና ወሩ ሲያልቅ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ነው። መርፌ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀመጠች። «ሳትሄድ እነግራታለሁ። ፊቴ ላይ ብትተፋም እነግራታለሁ» ብላ ለራሷ ማለች። ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመለሰች። ለሰው ሁሉ የሚተርፍ ምላስ እዚያ ሲደርስ ይተሳሰራል።

ካልተነገረ ይነበባል አለች። ግጥም እንደሆነ ድሮም ትሞካክራለች፤ ጨርቅ በምታሰምርበት ጠመኔ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ትጽፍና በክንዷ ታጠፋዋለች። ኮታቸውን ሊወስዱ የመጡ ጡረተኛ መምህር ለእህቷ የጫረችውን ሳታጠፋው ደረሱባት።

«እህትሽና አንቺ ፊት ለፊት ከሆናችሁ የመስታወት ግጥም ሞክሪ፣ ልጄ» አሏት። «የመጀመሪያው ስንኝ ተገልብጦ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ሁለተኛው ከመጨረሻው በፊት። ሁሉም ጥንድ ጥንድ ነው። መሃሏ ስንኝ ብቻ ጥንድ የላትም፤ ሁሉንም የምትይዘው እሷ ናት።»

«ይሄማ የታጠፈ ጨርቅ ነው፣ ጋሼ! ግማሹን ቆርጬ ስዘረጋው ሙሉ ጀርባ ይወጣኛል።»

ሦስት ቀን ታገለችው። የሰው ቀሚስ አደረ፣ ደንበኛ ተቆጣ፣ እሷ ወይ ፍንክች። በአራተኛው ቀን ስድስት ስንኝ ይዛ መምህሩ ቤት ሄደች። አነበቡና «መልካም ነው። መሃሉስ የታለ?» አሏት።

መርፌ ወረቀቱን አየችው። ሦስቱ ወደ ላይ፣ ሦስቱ ወደ ታች፤ በመካከላቸው ባዶ። ገና ስፌት የሚለማመድ ሰው ሳያስተውል በእጥፉ በኩል መቀስ ይከትና አንዱ ጀርባ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ይቀርበታል። ያንን ነው ያደረገችው። ያውም አውቃ። እዚያ ቦታ ምን እንደሚገባ ከመጀመሪያውም ታውቀው ነበርና አፈረች።

እስክሪብቶ ተውሳ እዚያው ቆማ ጻፈችው።

«ምቱን ይሰብረዋል እኮ» አሉ መምህሩ።

«ይስበረው። እውነት ነው።»

ከዚያ ቀጥታ እህቷ ዘንድ። እህትየው ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትደረድር ነበር። ቀና ብላ አየቻትና ጥቅለላዋን ቀጠለች።

«እትዬ፣ ላነብልሽ ነው የመጣሁት። ካነበብኩ በኋላ አስወጪኝ።»

«ማንበብሽን ማን ከለከለሽ!»

መርፌ ወረቀቱን ዘረጋች።

«እኔ በር ዘግቼ፣ አንቺ ከደጅ ቀርተሽ፣
ስሜን ሳትጠሪ፣ ስምሽን ሳልጠራ፣
ስድስት ዓመት ሰፋሁ፣ ስድስት ዓመት ቀደድኩ፤
እናታችን መኪናዋን የሰጠችው ላንቺ ነበር፤
ስድስት ዓመት ቀደድኩ፣ ስድስት ዓመት ሰፋሁ፣
ስምሽን ሳልጠራ፣ ስሜን ሳትጠሪ፣
አንቺ ከደጅ ቀርተሽ፣ እኔ በር ዘግቼ።»

እህትየው ሳህኑን እንደያዘች ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ካርቶኑ ተጨረማመተ።

«መኪናውን ዛሬውኑ አመጣልሻለሁ» አለች መርፌ።

«መኪናሽ ገደል ይግባ!» ጮኸችባት። «ስድስት ዓመት ሙሉ እናቴ ረስታኝ የሞተች መስሎኝ ነው የኖርኩት። ገባሽ? ልጆቼ ስለ አያታቸው ሲጠይቁኝ ወሬ እቀይር ነበር!»

መርፌ ይህንን አላሰበችውም ነበር። የወሰደችው መኪና ብቻ ይመስላት ነበር። እግሯ ወደ በሩ ዞረ፤ እምቢ ብላ መለሰችው። የመጣው ይምጣ ብላ ቆመች።

እህትየው በመዳፏ ፊቷን አሻሸች። «እስቲ ድገሚው» አለች።

«ከላይ ጀምሬ?»

«አይደለም። መሃሏን።»

አነበበችላት።

«አሁንም» አለች እህትየው፣ ዓይኗን ጨፍና።

መርፌ ወረቀቱን አስቀመጠች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና በቃሏ አለችው፤ «እናታችን መኪናዋን የሰጠችው ላንቺ ነበር።»