እንግዳው ብዕሩን የከደነበት ሰፈር

ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ የመጽሔት ጸሐፊ ነበር። በየከተማው እየዞረ ንባብና ድርሰት የኖረባቸውን የቆዩ ሰፈሮች ይጽፋል። ያኔ ሶዶ ውስጥ አማርኛ አስተምር ስለነበር እንዳዞረው የተነገረው ለእኔ ነው። ደስ አለኝ፤ የማሳየው ያደግሁበትን ሰፈር ነዋ!

ባጃጅ እንያዝ ቢለኝ «ይሄ ሰፈር በእግር ነው የሚታየው» ብዬ ከገበያው በላይ ባለው አቀበት ይዤው ወጣሁ።

መጀመሪያ አንድ ሱቅ በር ላይ ቆምን። የባለሱቁ አባት ከስልጤ አገር መጥተው የከፈቱት ሱቅ ነው። አባትየው ከስኳርና ከሳሙናው ጎን መጽሐፍ ያከራዩ ነበር፤ እኔም ልብ ወለድ የለመድኩት እዚያ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ልጃቸው የተረፉትን መጻሕፍት አውርዶ አቧራቸውን እያራገፈ አሳየው። እንግዳው እየገለጠ ብዙ ጻፈ።

ከዚያ ወደ አሮጌው የቀበሌ አዳራሽ ወሰድኩት።

«ከጀርባው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ» አልኩት። «የሰፈሩን ወጣት ሰብስበው እዚህ መድረክ ላይ በወላይትኛ ቴአትር ያሠሩ ነበር። ድርሰቱም የራሳቸው ነው።»

«በወላይትኛ?»

«አዎ።»

«የታተመ ነገር አላቸው?»

«ማን ያትምላቸዋል?»

ብዕሩን ከድኖ ኪሱ ከተተው።

ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ ግን ድምፃችንን ሰምተው ወጥተው ኖሮ ስቀው ተቀበሉን። ምን እንዳመጣን ስነግራቸው ደጃፋቸው ላይ እንደቆሙ፣ ልጇ የሞተባት እናት ለጎረቤቶቿ የምትናገረውን ከአንዱ ቴአትራቸው ያሰሙን ጀመር። መሀል ላይ ሲደርሱ እንግዳው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ባጭሩ ምን እያሉ ነው?» አለኝ።

«ባጭሩ የሚባል ቢሆን ባጭሩ እጽፈው ነበር» አሉ እሳቸው በአማርኛ። ከዚያ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ገቡ።

ጽሑፉ ወጣ። የባለሱቁ መደርደሪያ አለ፤ የዳሞታ ተራራ አለ፤ ጥሬ ሥጋው ከነዳጣው ተሞግሷል። ሴትዮዋ የሉም። ሶዶ «የአንባቢ እንጂ የደራሲ ከተማ አይደለም» ይላል። መምህራን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነበው አንዱ ባልደረባዬ «ተወው እንጂ፣ ከተማችንን ማመስገኑ አይበቃም?» አለኝ። አይበቃም! አማርኛን እወዳለሁ፣ እንጀራዬም ነው፤ በእሱ ስም የሌላው አፍ እንደሌለ ሲቆጠር ግን እንዴት ዝም ልበል?

ሴትዮዋ ቴአትሩን እንደገና እንዲያሳዩ ለመንኳቸው። እሺ ሲሉኝ የቀበሌው ሊቀመንበር ዘንድ ሄድኩ፤ አዳራሹን ሲሚንቶ ሞልቶበት ነበርና ለቅዳሜ እንዲያስለቅቅልን ጠየቅሁት።

«ሲሚንቶው የልማት ነው» አለ። «ግድ የለም፣ እስከ ቅዳሜ እናነሳዋለን።»

ቅዳሜ ስንደርስ በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፍ ያዡም የለም። እኔ በንዴት በሩን ስደበድብ ሴትዮዋ ነጠላቸውን አጣፉና «በር ላይ እንሥራው» አሉ። ባለሱቁ አግዳሚ ወንበሮቹን አወጣ። ድሮ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት፣ አሁን የልጆች አባትና እናት የሆኑት፣ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ዕቃውን እያወረደ ቆመ። የሟቹ እናት ስትናገር ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር፤ በቴአትሩ ውስጥ ያለው ደላላ ሲመጣ ደግሞ መንገዱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ሊቀመንበሩ ራሱ ቆሞ ይስቃል! ሳየው ይበልጥ ተናደድኩ።

ሲያልቅ እያጨበጨበ መጣ። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዛችሁ ምነው አዳራሽ ሳትጠይቁ?» አላቸው።

አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። በወላይትኛ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የጠየቅነውን ቆልፈህብን ነው የመጣኸው» አሉት።

አንገቱን ደፋ። ሲሚንቶው ግን እኔ ወደ አረካ እስክዛወር ድረስ ከመድረኩ አልወረደም።