የቢሌ ፊርማ

ሳምሳም የሐርጌሳ ልጅ ናት። ከተማዋ በጦርነት ስትፈርስ ወላጆቿ ይዘዋት ድሬዳዋ ገብተው፣ እዚያው አድጋ ነው ሐርጌሳ የተመለሰችው። ከተማዋ ፍርስራሿን ጠርጋ ሳትጨርስ ፍርድ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠረች። ባሏ ቢሌም የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማቸው ሲፈልጉ አማርኛ ያወራሉ።

በምርጫው ቢሌ የተቃዋሚው ፓርቲ ታዛቢ ሆኖ ጋአን ሊባህ ሰፈር ምርጫ ጣቢያ ዋለ። ፓርቲው አንድ የምክር ቤት ወንበር በጥቂት ድምፅ ሲያጣ፣ እዚያ ጣቢያ ቆጠራው ተጭበርብሯል ብሎ ከሰሰ። ጉዳዩን የያዙት ዳኛ አብዱልሃሚድ የአሸናፊው ጎሳ ሰው ናቸው። ችሎቱ ሳይሰየም ከተማው ለሁለት ተከፍሎ ፈርዶ ጨርሷል።

ዳኛው ውሳኔውን በእጃቸው ጽፈው እንድትተይበው ለሳምሳም ሰጧት። ክሱ ውድቅ ነው። ምክንያቱ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ፦ ቅሬታ በቀረበበት የቆጠራ ቅጽ ላይ የከሳሹ ፓርቲ ታዛቢም ፈርሟል። የተያያዘውን ቅጽ ገለጠች። የባሏ ፊርማ ነው።

ቤት ስትገባ ቢሌ በር ላይ ጠበቃት። «ለማን ፈረዱ?»

«ነገ ትሰማለህ።»

«ባልሽ አይደለሁም እንዴ?»

«ነህ። እዚያ ግን ጸሐፊ ነኝ።»

በማግስቱ ውሳኔው ተነበበ። ግቢው «ዳኛው ተገዝቷል» በሚል ጩኸት ተናወጠ። ሳምሳም በመስኮት ብታይ ቢሌም ይጮሃል። ወጥታ ክንዱን ያዘችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ፣ «ፊርማህን አይቻለሁ» አለችው።

ቢሌ መሬት መሬት አየ። «ቆጠራው ልክ ነበር» አለ። «ሲከሱ ግን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

 ቢሌ ከሰዓት በኋላ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ወዳለው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሄደ። «ወላሂ፣ የፈረምኩት አይቼ ነው። ዳኛው አልዋሹም» አላቸው። የአባልነት መታወቂያውን ነጥቀው አስወጡት።

ሳምሳም ያሰበችው ነገሩ እዚህ ላይ ይበርዳል ብላ ነበር። ሳይመሽ ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢሌም ተገዛ፣ አገናኟ ሚስቱ ናት ይል ጀመር። የባሏ እህት ኪን እንኳ ቤታቸውን መርገጥ ተወች።

ከወር በኋላ ኪን የመሬት ክርክር ገጥሟት ፍርድ ቤት መጣች። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ፣ «ዳኛው ማን ነው?» አለቻት።

«ገና አልተመደበም። ማመልከቻሽን አስገቢ።»

«የማን ወገን እንደሆነ ሳላውቅ?» ብላ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች።

ሳምሳም ማመልከቻውን እንድታስገባ እስከ ውጭ በር ተከትላ ለመነቻት። ኪን ግን ዘወር ብላም አላየቻት።