የአባ ገብሬ ጎተራና የእኔ አጥር

አያቴ አባ ገብሬ ሞተዋል። ሰቆጣ ያላችሁ፣ ሰሃላና ዝቋላ የገባችሁ፣ ቤታቸው በልታችሁ የምታውቁ ሁሉ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔ ስሙት። «ዕድሜ ጠግበው ነው» ትሉ ይሆናል። እሱንስ ጠግበዋል። ሌላውን ልንገራችሁ።

ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው፣ ሦስት ምራቶቻቸውና እኛ የልጅ ልጆች የምንኖረው በአንድ ጎተራና በአንድ ምድጃ ነበር። ጎተራው ቁልፍ አያውቅም። ክረምት ሳይገባ ጭቃና እበት በእጃቸው አቡክተው አባ ገብሬ ራሳቸው ይመርጉታል። ምራቶቹ «ይተዉት አባ፣ እኛ እንመርገዋለን» ሲሏቸው፣ «እናንተ ስንጥቁን አታውቁትም» ይላሉ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት ሴት ለዘር የሚሆን ማሽላ ልትለምን ቁና ይዛ መጣች። «ቁናውን አስቀምጪና በነጠላሽ ያዢ» አሏት። «ከለካሁልሽ ልትመልሺ ነው።»

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። እርዳታ የሚመዘግብ ሰውዬ መጣና «ስንት አባወራ ናችሁ?» አላቸው። «አንድ» አሉ። እኔ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሊቅ፣ አፌን ከፈትኩ። «ሦስት ነን፤ ሽማግሌው ረስተው ነው።» ስንዴው የሚሰጠው በአባወራ ስለሆነ ማንም አልተቆጣኝም። አባቴማ «ይሄ ልጅ ለካ ተምሯል» አለ።

ሰውዬው ተመልሶ ያያል ስለተባለ ግቢውን በእሾህ አጥር ሦስት ቦታ ከፈልኩት። ሦስት ምድጃ ተሠራ። «ለአንድ ወር ነው አባባ፣ ከዚያ አፈርሰዋለሁ» አልኳቸው። እኛን የሚያናግሩን በኽምጣና ነበር፤ አማርኛ የእንግዳ ነው። ያን ቀን ግን በአማርኛ መለሱልኝ።

«መልካም። እርስዎ ያውቃሉ።»

ስንዴው መጣ፣ ተበላ፣ አለቀ። አጥሩ አላለቀም። ሦስቱም ቤት ቁልፍ ገዛ። አባ ገብሬ ተራ ወጣላቸው፤ ዛሬ እኛ ቤት፣ ነገ ትልቁ አጎቴ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ትንሹ ጋ። ባለፈው ጾም እናቴ «እነሱ ጋ በልተዋል» ስትል፣ እነሱም «እዚያ በልተዋል» ሲሉ፣ ሽማግሌው ጦማቸውን አደሩ። ጠዋት «ለምን አልጠሩንም?» አልኳቸው።

«የማንን በር ልምታ?»

ከዚያ ወዲህ ሰው ካልጠራቸው በቀር ከመደባቸው አይነሱም ነበር።

በቀብራቸው ቀን ንፍሮው በሦስት ድስት ተቀቀለ። እናንተ ለቀስተኞች ተቀምጣችሁ «የድሮ ሰው ፍቅር ነበረው፣ በአንድ ገበታ ነበር የሚበላው» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። ቁልፋችሁ አንገታችሁ ላይ ነበር። የእኔም።

ከቀብር መልስ አጥሩን መንቀል ጀመርኩ። ትልቁ አጎቴ ጋቢውን እንደለበሰ ወጣ።

«ተው አንተ፤ የእናንተ ፍየሎች ገለባዬን ሊጨርሱት ነው።»

አባቴን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። የነቀልኩትን እንጨት መልሼ ተከልኩት።

ደህና ይሁኑ አባባ። አጥሩ እንዳለ ነው፤ የማፈርሰው አይመስለኝም፣ በፊተኛው ውሸቴ ላይ ሌላ አልጨምርብዎትም። እዚያ ደርሰው «ስንት አባወራ ናችሁ?» ካሉዎት፣ እንደ ልማድዎ «አንድ» ይበሉ። አጠገብዎ ቆሜ የማርምዎት እኔ የለሁም።